ሰሙ ሲላጥ፣ ሰማያዊው አረንጓዴ ሲሆን፦ የሰም ሥዕል ችግሮችና መፍትሄያቸው ለድሬና ለሐረር ክረምት ተማሪዎች

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቻችን ሥዕል ይማራሉ። እርሳሱና የውሃ ቀለሙ የተለመደ ነው። ኤንካስቲክ ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። የቀለጠ የንብ ሰም ከቀለም ጋር ተደባልቆ በትኩሱ እንጨት ላይ ይቀባል፤ ከዚያ እንደገና በሙቀት ይዋሃዳል።

ዘዴው ራሱ ግን ጥንታዊ ነው። በግብፅ ፋዩም ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ላይ ከተሳሉት የሟቾች ምስሎች ብዙዎቹ በሰም የተሠሩ ናቸው። ሲና በሚገኘው የቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቶስ ሥዕልም እንዲሁ። ሰም እርጥበት አያስገባም፤ በደንብ ከተሠራ ዕድሜው ረጅም ነው።

በትምህርቱ ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት አብዛኛው የሚመጣው ከሙቀት ነው። ወይ ያንሳል፣ ወይ ይበዛል። ስለዚህ ቀለም ከመቀየራችሁ በፊት ሙቀቱን ፈትሹ።

የተቀባው በጥፍር ሲነካ ይላጣል

የጀማሪ ሁሉ ችግር ይሄ ነው። ትኩስ ሰም በቀዘቀዘ ሰም ላይ ሲያርፍ ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ ከሥሩ ጋር አይያያዝም። ሁለተኛውን ከመቀባታችሁ በፊት የመጀመሪያውን በሙቀት ማዋሃድ ግዴታ ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ላይ እንደዚያው።

መዋሃዱን በዓይን ማወቅ ይቻላል። ሰሌዳውን ከጎን ብርሃን አስይዙትና ዝቅ ብላችሁ እዩት። ያልተዋሃደው ደብዛዛ ነው፤ የብሩሹ መስመርም ይታያል። ሙቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የመስመሮቹ ጫፍ ይለዝባል። ከዚያ ላዩ ውሃ የነካው መስሎ ብልጭ ይላል። ብልጭ ሲል በቃ፣ እጃችሁን አንሱ። ሙቅ አየር የሚነፋውን ሂት ጋን አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ ማንቀሳቀስ ነው። የተላጠውን ደግሞ የለቀቀውን ብቻ ፍቃችሁ አንሱ። እንጨቱን አሙቁና ቀለም የሌለው ስስ ሰም ቀብታችሁ አዋህዱ። ከዚያ ቀጥሉ።

ተዋህዶም ከተላጠ ሰሌዳውን ጠርጥሩ። የፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ሰም አይመጥም። ሰም ባዶ እንጨት ይፈልጋል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አስለቅቁ፤ ወይም ወፍራም ወረቀት በኮላ ለጥፋችሁ እሱ ላይ ሥሩ። በሸራ ላይ አትጀምሩ። ሸራ ይታጠፋል፣ ሰም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ሳዋህደው ቀለሞቹ ፈሰሱና ተደባለቁ

ይሄ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ቀርቧል። ድሬ ላይ በክረምትም ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን እንጨቱ ገና ሳትነኩት ሞቆ ነው የሚጠብቃችሁ። ሐረር ላይ የሚበቃው ጊዜ እዚህ ይበዛል። ሰሌዳውን አጋድሙት፣ በየንብርብሩ መሃል እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በፀጉር ፎን የሚሞክሩ አሉ፤ ነፋሱ ጠንካራ፣ ሙቀቱ ደካማ ስለሆነ ሰሙን ከማቅለጥ ይልቅ ይገፋዋል። መብራት ከጠፋ ከሁሉ የሚሻለው የብረት ማንኪያ ነው። ጀርባውን ከሰል ላይ አሙቃችሁ፣ አመዱን ጠርጋችሁ፣ በቀስታ ላዩ ላይ ማሳለፍ። ከሰሉ ግን ውጭ ይሁን፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ይገድላል።

ሰሙ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል

የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ለመቀባት ከ80 እስከ 90 ይበቃዋል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይጨሳል፤ ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጣሳ የሚደረድሩ አይቻለሁ። አይሆንም። ለእንጀራ የሚበቃ ሙቀት ለሰም በጣም ብዙ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ፣ ሰሙን በሰልሳ ጣሳ አድርጋችሁ ውሃው ውስጥ አስቀምጡ። ድሬ ላይ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሐረር ከፍታው 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ 94 ላይ ይፈላል። ስለዚህ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም ከፍታው ይጠብቃችኋል። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ ተከታተሉ። መስኮትና በር ትይዩ ክፈቱ።

ሰም እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም አታፍሱበት። ክዳን ክደኑበት፣ ምድጃውን አጥፉ። ትኩስ ሰም ልጅ እጅ ላይ ካረፈ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አቆዩት፤ የተጣበቀውን ጎትታችሁ አትላጡ። እኔ ትንንሾቹን ወደ ድስቱ አላስጠጋም። ለእነሱ ሻማ ስጧቸው፤ በነጭ ወረቀት ላይ በሻማ ይሳሉና ላዩን የውሃ ቀለም ይቀቡበት። መስመሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደስታቸውን ማየት ነው!

ዳማሩ ታች እንደ ጠጠር ተቀመጠ

ሰም ጠንከር እንዲል ዳማር የሚባል ሙጫ ይጨመርበታል፤ በክብደት ለ8 እጅ ሰም 1 እጅ ያህል። ዳማር ለመቅለጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የሐረር የፈላ ውሃ እዚያ አይደርስም። ይህን የሚያቀልጥ አዋቂ ሰው ብቻ፣ ውጭ፣ በዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በሻሽ ይጥለል። ዳማር ካልተገኘ ዕጣን ይተካዋል የሚል ምክር አትስሙ። ዕጣን ውስጥ ውሃ እንጂ ሰም የማያሟሟው ሙጫ አለ፣ ጓጉሎ ይቀራል። ለተማሪ ንጹህ ሰም ብቻውን ይበቃል።

ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ

«አቦ ቲቸር፣ ሰማዩ ሣር መሰለ» ያለችኝ ልጅ ልክ ናት። ከማር ሻጭ ወይም ከጠጅ ቤት የሚገኘው ሰም ጥቁር ቢጫ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ደግሞ አረንጓዴ ነው። መጀመሪያ ሰሙን ከውሃ ጋር አቅልጣችሁ በሻሽ አጥልሉት። ሲረጋ ከሥሩ የተቀመጠውን ቆሻሻ በቢላ ፋቁ። ከዚያ በስሱ ፈቅፍቃችሁ ትሪ ላይ በትኑትና ፀሐይ ላይ አውሉት፤ እየነጣ ይሄዳል። ከቀትሩ ፀሐይ ግን አንሱት፣ ድሬ ላይ ትሪው ራሱ ያቀልጠዋል።

ሰሙ እጅ ላይ ሲታሽ እየተፈረፈረ የሚሄድ ከሆነ ፓራፊን ተቀላቅሎበታል፤ ሥዕሉ ኋላ ይሰነጠቃል። የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልሳል። የሚቀባባና የሞራ ሽታ ያለው ከሆነም አትግዙት።

ቀለሙ ሰሙ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ከቀረ በውሃ የተሠራ ቀለም ጨምራችኋል ማለት ነው። የዘይት ቀለም ተጠቀሙ፤ ግን መጀመሪያ ሶፍት ላይ ጭመቁትና ዘይቱን ይምጠጥለት። ደረቅ ዱቄት ቀለም ለልጆች አይሰጥም፣ አዋቂም ያለ ማስክ አይንካው።

ትንንሽ ቀዳዳዎች ወጡ

እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይወጣል። በዝናብ ሰሞን የረጠበ እንጨት ደግሞ ይብሳል። ሰሌዳውን አድርቁት፣ ከመቀባታችሁ በፊት አሙቁት፣ የመጀመሪያው ሰም ስስ ይሁን።

በእርሳስ የሳልኩት ጠፋ

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፤ ሥዕልና ሰም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነውና። ከሰም በታች ያለ ቀጭን እርሳስ ይደበዝዛል፤ ከሰል ደግሞ በብሩሽ ይጎተታል። ከታች የምትስሉ ከሆነ ጠቆር ባለ እርሳስ ሳሉ፤ ላዩን ቀለም በሌለው ሰም ሳትጫኑ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡ። ከላይ ከፈለጋችሁ ካርቦን ወረቀት በቀዘቀዘው ሰም ላይ አስቀምጣችሁ በእስክሪብቶ ተጫኑት። መስመሩ ይተላለፋል፤ ከዚያ በጣም ቀለል ያለ ሙቀት።

ከሁሉ የሚያምረው ግን በወስፌ መጫር ነው። ሐረር ላይ እናቶች ሞሰብ የሚሰፉበት ወስፌ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሰሙ ለብ ሲል፣ ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን፣ ወስፌውን አጋድማችሁ ጫሩ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰሙን ይቆራርሰዋል፤ ሰሙ በጣም ከቀዘቀዘም ጠርዙ ይሰበራል። የተነሳውን ብናኝ በብሩሽ ጥረጉ። ጥቁር የዘይት ቀለም በጣታችሁ መስመሩ ውስጥ አስገቡ፣ ላዩን በጨርቅ ጥረጉ። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀራል። የጀጎልን ግንብና በሮች በዚህ መንገድ የሳለ ተማሪ የድንጋዩን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ያወጣዋል።

ሌሎች ትንንሾች

ብሩሹ ደንጊያ ሆነ? ምንም አልሆነም፣ ሙቅ ሰም ውስጥ ክተቱት። የናይሎን ብሩሽ ግን በሙቀት ይበላሻል፣ የተፈጥሮ ፀጉር ያለውን ግዙ። ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ወጣ? ብዙውን ጊዜ ብርድ ሲያገኘው ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት፣ ይጠፋል።

ሥዕሉ ቤት ሲደርስ ተጣብቋል

ሰም ሳይቀልጥም 40 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከዚያ በላይ ነው። ከድሬ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ አዲስ የምትልኩ ከሆነ በጠዋት ላኩ፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ የሻንጣ ማስቀመጫውም ውስጥ አይግባ። ፌስታል ላዩን አይንካው። ካርቶን ውስጥ አራት ማዕዘኑ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ቤት ሲደርስም ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።