በወሎ ደጋና ቆላ የሚፈለፈል እንቁላል አያያዝ

ከታቀፉት እንቁላሎች ግማሾቹ ሳይፈለፈሉ ሲቀሩ አብዛኛው አርቢ ጥፋቱን በታቃፊዋ ዶሮ ወይም በመፈልፈያ ማሽኑ ላይ ያሳብባል። እኔ ግን ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እንቁላሉ በሚጠራቀምባቸው ቀናት ነው ብዬ አምናለሁ። ዘር ያለው እንቁላል ሲጣል ሽሉ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ማደግ ጀምሯል፤ ከተጣለ በኋላ እድገቱ የሚገታው እንቁላሉ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ነው። በቆቦ፣ በባቲ ወይም በከሚሴ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ እንቁላል ግን ሳይታቀፍ በዝግታ ማደጉን ይቀጥላል፤ እንዲህ ያለው ሽል ደካማ ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ የመታቀፊያ ቀናት ይሞታል።

ስለዚህ ለመፈልፈል የታሰበ እንቁላል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ተለቅሞ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ባለው፣ ፀሐይና ጭስ በማይደርስበት ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም የአየር ከረጢቱ ያለው በሰፊው ጫፍ በኩል ነው። በገጠር እናቶቻችን እንቁላልን በጤፍ ወይም በሌላ እህል ውስጥ ቀብረው የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እህሉ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል፣ እንቁላሉም እርስ በርሱ እንዳይጋጭ ይጠብቃል። ሆኖም እህሉ ራሱ የሚሞቅበት ቤት ውስጥ ከሆነ ጥቅሙ ይቀራል። በቆላ ከግድግዳው ጥላ ሥር ያለ የአፈር ወለል፣ ወይም በውጪ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቅርጫት ይሻላል፤ ጆንያው ግን እንቁላሉን መንካት የለበትም። ማቀዝቀዣ ደግሞ ለዚህ ዓላማ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል።

የተጣለበት ቀን በእርሳስ ይጻፍበት። ከ7 ቀን በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል፤ ከ10 ቀን በላይ የቆየውን ለምግብ ማዋል ይመረጣል። የቆሸሸው በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይጠረግ እንጂ አይታጠብ፤ በቅርፊቱ ላይ ያለው ስስ መከላከያ ሲታጠብ ይለቅቅና ተሕዋስያን በቀዳዳዎቹ ይገባሉ። መበላሸቱን ለማወቅ ውሃ ውስጥ መንከርም በዚሁ ምክንያት ለሚፈለፈል እንቁላል አይሆንም። ከገበያ በመኪና የመጣ እንቁላል ከመታቀፉ በፊት አንድ ሌሊት ይረፍ። ዘር እንዲኖረው ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ዶሮ ያስፈልጋል፤ አውራው አዲስ ከገባም 10 ቀን ያህል ጠብቆ መሰብሰብ ይገባል።

ለአንዲት የአበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃል። ማታ ላይ፣ ጭድ በተነጠፈበት ጨለምለም ባለ ቦታ ትቀመጥ፤ ጥሬና ውሃ በቅርቧ ይሁን። ቅማል ያለባት ዶሮ ስለማትረጋ አስቀድሞ መታከም አለባት። በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብትነሣ የሚያሳስብ አይደለም። ዝናብና ብርድ ጫጩትን ስለሚጎዱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከክረምቱ ይሻላል።

በማሽን ሲሆን ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው፤ ማራገቢያ ላለው 37.5፣ ማራገቢያ ለሌለው ደግሞ በእንቁላሉ አናት ከፍታ ሲለካ 38.5 ዲግሪ ያህል መሆን አለበት። ቴርሞሜትሩ አስተማማኝ መሆኑን ለማወቅ ከሰው የሙቀት መለኪያ ጋር በአንድ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ማነጻጸር ይቻላል። እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገልበጥ፤ ጎደሎ ቁጥር የሚመረጠው አንዱ ጎን ሁልጊዜ ረጅሙን ሌሊት ወደ ላይ ሆኖ እንዳያድር ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ የአየር ቀዳዳውን ግን አለመድፈን ነው።

የወሎ አርቢ በተለይ ሊያስብበት የሚገባው ከፍታን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል፤ የእንቁላሉ እርጥበትም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል። ስለዚህ በደሴ፣ በደላንታና በመቄት የሚፈለፍል ሰው በማሽኑ ውስጥ ያለውን የውሃ ሳህን ሰፋ አድርጎ የማሽኑን አየር እርጥበት ወደ 60 በመቶ ማስጠጋት ይኖርበታል፤ በቆላው 50 በመቶ ያህል ይበቃል። ጥሩው መለኪያ ሚዛን ነው፤ 50 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን ወደ 44 ግራም ሊወርድ ይገባል። ከዚህ በላይ ከቀለለ ደርቋል ማለት ነውና ውሃ ይጨመር። እንቁላሉን ከሩቅ ቆላ ከማምጣት ይልቅ እዚያው ደጋ ካደጉ ዶሮዎች መሰብሰብም ይመረጣል።

በ7ኛው ቀን ጨለማ ቤት ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሲታይ የደም ሥሮች ሸረሪት መስለው ካልታዩ እንቁላሉ ይውጣ። ከ18ኛው ቀን በኋላ መገልበጥ ቆሞ እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል፤ ማሽኑም እስከ 21ኛው ቀን አይከፈትም። ቅርፊቱን የበሳ ጫጩት እስኪወጣ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። በጣት መርዳት ግን ያልተዘጉ የደም ሥሮችን ቆርጦ ሊገድለው ይችላል። የወጡት ጫጩቶች የአስኳሉን ቅሪት በሆዳቸው ይዘው ስለሚወጡ ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ መቆየት ይችላሉ፤ ስለዚህ ላባቸው ደርቆ እስኪለሰልስ ድረስ እዚያው ይቆዩ።