የበረሃ ጽጌረዳ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የበረሃ ጽጌረዳ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው አዴኒየም፣ በሶማሌ ክልልና በቦረና ቆላ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ውኃ የሚያጠራቅመው ባበጠው የግንዱ ሥር ስለሆነ ድርቅን ይችላል። ድሬዳዋ ላይ ብዙም አያስቸግርም። አዲስ አበባ ላይ ግን ሲሞት የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ብርድና እርጥበት አብረው ሲመጡበት ነው።

ክረምቱን ደጅ መተው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውኃ መሳቡን ያቆማል፤ ያልተሳበው ውኃ ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በደጋ ከተሞች መሬት ላይ ሳይሆን ማሰሮ ውስጥ ይተከል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የማይነካው፣ ብርሃን ግን የሚያገኝ ቦታ ያኑሩት። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማታ ማታ ወደ ቤት ይግባ።

ቅጠል ሲረግፍ ውኃ መጨመር። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በብርድ ወራት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ተክሉ ስላረፈ ሊሆን ይችላል። ጣሳውን ከማንሳትዎ በፊት የግንዱን ሥር በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይዩት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፣ ይተዉት። ቆዳው ተጨማዶ ትንሽ ከላላና አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ጣትዎ ሰርጎ ከገባ ግን በስብሷል፤ ያኔ ከማሰሮው አውጥተው ቡናማውን ክፍል ነጭ ሥጋው እስኪታይ በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ይጣሉ፣ ጥላ ሥር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያድርቁትና እንደገና ይትከሉት። በሙቀቱ ወራትም ቢሆን ውኃ የሚጠጣው አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው።

በግቢ አፈር ብቻ መትከል። ዋልካ አፈር ፈጽሞ አይሆንም። ብሎኬት የሚሠራበትን ፑሚስ 2 እጅ፣ ቀይ አፈር 1 እጅ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 1 እጅ ይቀላቅሉ። ደቃቅ አሸዋ ውኃ ያሳልፋል ተብሎ ይጨመራል፤ እንዲያውም አየሩን ይደፍነዋል። ማሰሮው ከታች የተበሳ፣ ከግንዱ እምብዛም ያልሰፋ ይሁን።

ማሰሮ ሲቀይሩ ወዲያው ማጠጣት። የተቆረጠ ሥር ቁስል ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ከተተከለ በኋላም አንድ ሳምንት ውኃ አያግኝ። ግንዱ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ በየቅየራው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተገለጠ ቆዳውን ፀሐይ ያቃጥለዋል።

ሳሎን ማስዋቢያ ማድረግ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ቅርንጫፉ ቀጥኖ ይረዝማል፣ አበባም አይሰጥም። ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ግን በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይለማመድ።

ዩሪያ ማብዛት። ቅጠሉ ያምራል፣ አበባው ይጠፋል።

ከቅርንጫፍ ቆርጦ ተክሎ ወፍራም ግንድ መጠበቅ። ግንዱ በደንብ የሚያብጠው ከዘር የበቀለው ነው፤ ዘሩም ትኩስ መሆን አለበት፣ የቆየ ዘር እምብዛም አይበቅልም።

ሳይገረዝ መተው ወይም በባዶ እጅ መግረዝ። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ቢገረዝ ቅርንጫፉም አበባውም ይበዛል። ከቁርጡ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ልብን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አዳኞች የቀስት ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎን አይንኩ፣ ቁርጥራጩንም ልጆችና ፍየሎች ከማይደርሱበት ይጣሉ።