አንዱ ቶምካት ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ

ተሰልፋችሁ ቆይታችሁ ተራችሁ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትላችኋለች። ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። አንዳንዴ የተቋረጠው መስመር ነው። አንዳንዴ ግን መላው መሥሪያ ቤት የተንጠለጠለበት አንድ የጃቫ ሰርቨር ቆሟል፤ የሚተካው ደግሞ የለም። ይህን ሁለተኛውን ማስቀረት ይቻላል። እንጀራዬ ይኸው ስለሆነ፣ ሁለት ቶምካቶችን (ቶምካት የጃቫ አፕሊኬሽን የሚያስኬድ ሰርቨር ነው) እንዴት አጣምሬ እንደማቆም ልንገራችሁ።

ቶምካትን የመረጥኩት ነፃ ስለሆነና ለጀማሪም ስለማይከብድ ነው። እንደ ዋይልድፍላይ ወይም ዌብሎጂክ ያለ ሌላ የጃቫ ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ የፋይሉና የሴቲንጉ ስም ይለያል እንጂ የሚገጥማችሁ ጣጣ ያው ነው።

ከኮንፊገሬሽኑ በፊት

ሁለቱ ኖዶች፣ ማለትም ቶምካት የሚጫንባቸው ሁለት ማሽኖች፣ የት እንደተቀመጡ እዩ። ሁለት ቨርቹዋል ማሽን አንድ ብረት (አካላዊ ማሽን) ላይ ከተጫነ፣ ብረቱ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰኩም እንደዚያው። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለችው ደቂቃ ውስጥ ዩፒኤሱ ከከዳ፣ ክላስተር (የተጣመሩ ሰርቨሮች) ነበረን ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ የተለያየ ብረት፣ የተለያየ ዩፒኤስ፣ ከተቻለም የተለያየ ስዊች። የጃቫ ቨርዥኑ፣ የቶምካት ቨርዥኑና ዎር ፋይሉ (የአፕሊኬሽኑ ጥቅል) ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ሰዓታቸው እንዳይዛነፍ ክሮኒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ጫኑና ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር አገናኟቸው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለቱን ማስተዋወቅ

በእያንዳንዱ ኖድ ላይ የቶምካቱን ሴቲንግ ፋይል «ሰርቨር ዶት ኤክስኤምኤል»ን ክፈቱ። «ኢንጂን» የሚለው ኤለመንት ላይ «ጄቪኤም ራውት» ጨምሩና ለመጀመሪያው «አፕ1»፣ ለሁለተኛው «አፕ2» የሚል ስም ስጡ። ሴሽን ማለት ሰርቨሩ ስለ ገባ ተጠቃሚ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፤ ይህ ስም የሴሽኑ መለያ ጭራ ላይ ይለጠፋል። መለያው የተቀመጠበትን የተጠቃሚውን የብራውዘር ኩኪ ስታዩ መጨረሻው «ነጥብ አፕ1» ከሆነ፣ ማን እንደያዘው በአንድ እይታ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ እዚያው ኢንጂን ውስጥ «ክላስተር» የሚል መስመር በኮሜንት ተዘግቶ ታገኛላችሁ። ኮሜንቱን ክፈቱት። ለመጀመር ይበቃል።

አፕሊኬሽኑ ደግሞ «ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል» ውስጥ «ዲስትሪቢዩተብል» የምትል ባዶ ታግ ትፈልጋለች። እሷ ከሌለች ሰርቨሮቹ ቢተዋወቁም ሴሽን አይተላለፍም።

ዲፎልቱ (ካልነካችሁት ያለው ሴቲንግ) እንዲህ ይሠራል። እያንዳንዱ ኖድ በማልቲካስት (ለሁሉም አባል በአንዴ በሚያደርስ) አድራሻ 228.0.0.4፣ በዩዲፒ ፖርት 45564፣ በየ500 ሚሊሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ለ3000 ሚሊሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ሌላው ይጠረጥረዋል፤ በቲሲፒ ሞክሮ ካጣው ከአባልነት ያወጣዋል። የሴሽን ዳታው የሚሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው፦ በቲሲፒ ፖርት 4000፣ እሱ ከተያዘ ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ፖርቶች። ፋየርዎሉ ላይ ሁለቱንም ክፈቱ። ዩዲፒው ብቻ ተከፍቶ ቲሲፒው ከተዘጋ፣ ኖዶቹ ይተያያሉ፣ ሴሽን ግን አያልፍም። ሎጉን በደንብ ላላነበበ ሰው ሁሉ ነገር ጤነኛ ይመስላል።

ሎጉን እንዴት እንደማነብ ላሳያችሁ። ሁለተኛውን ኖድ ስታስነሱ የመጀመሪያው ሎግ ላይ «ሬፕሊኬሽን ሜምበር አዲድ» የሚል መስመር ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደስ ብሎት ሎጉን ይዘጋል። አትዝጉት። መስመሩን እስከ መጨረሻው ሂዱበት። በቅንፍ ውስጥ የአዲሱ አባል አይፒ ተጽፏል። 127, 0, 1, 1 የሚል ካያችሁ ክላስተሩ አልሠራም። ኡቡንቱና ዴቢያን «ኢቲሲ ሆስትስ» ፋይል ውስጥ የማሽኑን ስም ከ127.0.1.1 ጋር ያያይዙታል። ቶምካት ደግሞ «አድራሻዬ ማን ነው?» ሲል የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ ለጓደኛውም ይህንኑ ይነግረዋል። ጓደኛው ዳታውን ወደ 127.0.1.1 ሲልክ ወደ ራሱ ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሆስትስ ፋይሉ ላይ እውነተኛውን አይፒ፣ ለምሳሌ 10.10.5.11፣ ጻፉ። ወይም ክላስተሩ ውስጥ «ሪሲቨር» የሚለውን ኤለመንት ጨምራችሁ አድራሻውን እዚያ በግልጽ አስቀምጡ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገ ማሽኑን ሌላ ሰው ቢነካካው እንኳ አይፋለስም።

ክላውድ ላይ ከሆናችሁ ማልቲካስት አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም። ያን ጊዜ አባላቱን በስማቸውና በአይፒያቸው ቆጥራችሁ በስታቲክ መንገድ ጻፏቸው። ሌላም ነገር አለ። ይህ የኖድ ለኖድ ወሬ በዲፎልቱ ኢንክሪፕት አይደረግም። ስለዚህ የሠራተኛው ላፕቶፕ የማይደርስበት የራሱ ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ አድርጉት።

ሴሽን ላይ ያለው ጣጣ

ዴቨሎፐሮች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው በዋናነት የእናንተ ነው። ሴሽን ውስጥ የምታስቀምጡት ኦብጀክት በሙሉ ሲሪያላይዘብል (ወደ ባይት ተቀይሮ ሊላክ የሚችል) መሆን አለበት። የዳታቤዝ ኮኔክሽን፣ የተከፈተ ፋይል፣ ትሬድ ሴሽን ውስጥ አይገቡም።

ከዚህ የባሰው ግን ስህተት የማያሳየው ነው። የንብረት መጠየቂያ ፎርም አስቡ። ተጠቃሚዋ ዕቃ በዕቃ ትመርጣለች፤ ዝርዝሩ ሴሽን ውስጥ ነው። ኮዱ በ«ጌት አትሪቢዩት» ዝርዝሩን ያወጣና አዲስ ዕቃ ይጨምርበታል። እዚያው ያበቃል። አንድ ሰርቨር ላይ ይህ እንከን የለውም፤ ዝርዝሩ ያው ሜሞሪ ላይ ያለው ነውና። ክላስተር ላይ ግን ቶምካት ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው «ሴት አትሪቢዩት» ሲጠራ ነው። ካልተጠራ ወደ ሁለተኛው ኖድ የሚላክ ነገር የለም። አፕ1 ሲወድቅ ተጠቃሚዋ ከሲስተሙ አትወጣም፤ ስሟም ይታያል፤ የመረጠችው አሥር ዕቃ ግን ሁለት ሆኖ ይጠብቃታል። ይህ ጨርሶ ከመውጣት ይከፋል፤ ሳታስተውል ልታጸድቀው ትችላለች። ስለዚህ ሴሽን ውስጥ ያለ ኦብጀክት በነካችሁ ቁጥር መልሳችሁ «ሴት» አድርጉት።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሴሽን ውስጥ የተጠቃሚው መለያ፣ ሚናውና ቋንቋው ይበቃል። በግማሽ የቀረ ሥራ ዳታቤዝ ውስጥ «ረቂቅ» ተብሎ ይቀመጥ። የአምስት ሺህ መስመር ሪፖርት ሴሽን ውስጥ የሚከት አፕሊኬሽን ክላስተር ላይ ሲወጣ ኔትወርኩንም ሜሞሪውንም በከንቱ ይበላል፤ እያንዳንዱ ኖድ የሌላውን ሴሽን ሁሉ ይሸከማልና። ይህ የዲፎልቱ ሴሽን አስተላላፊ የ«ዴልታ ማኔጀር» ጠባይ ነው። ለሁለትና ለሦስት ኖድ ጥሩ ነው። ኖዶቹ ሲበዙ ግን አንድ ምትክ ብቻ የሚያስቀምጠው «ባክአፕ ማኔጀር» ይሻላል።

ሴሽኑ ለሌላው ኖድ የሚላክበትን መንገድ የሚወስነው የክላስተሩ «ቻነል ሴንድ ኦፕሽንስ» ዲፎልቱ ቁጥር 8 ነው፦ ተጠቃሚው መልሱን ያገኛል፣ ዳታው ከኋላ ይከተላል። 6 ብታደርጉት ሌላው ኖድ «ደርሶኛል» እስኪል ይጠበቃል። ተጠቃሚው ሁሌ ወደ አንድ ኖድ የሚመላለስ ከሆነ በ8 ቀጥሉ።

ሎድ ባላንሰሩ

ሎድ ባላንሰር ተጠቃሚዎችን ለሁለቱ ኖዶች የሚያከፋፍል ነው፤ እኔ የምጠቀመው ኤችኤፕሮክሲ የሚባለውን ነው። ተጠቃሚውን ከኖዱ ጋር የማቆራኘው በኩኪ ነው። ኢንጂንኤክስ በሚባለው ሌላ ሎድ ባላንሰር ላይ «አይፒ ሃሽ» (ኖዱን በተጠቃሚው አይፒ መምረጥ) የሚያደርጉ አሉ፤ ለመሥሪያ ቤት አልመክረውም። አይፒ ሃሽ የሚያየው የአይፒውን የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ሙሉው 192.168.20 ላይ ካለ፣ ሠራተኛው በሙሉ አንድ ኖድ ላይ ይከመራል፤ ሌላው ኖድ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ጤና ምርመራውን በኤችቲቲፒ አድርጉት፤ ፖርቱ ተከፍቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ዲፎልቱ በየ2 ሰከንዱ ጠይቆ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ኖዱን ያወጣዋል፤ ማለትም 6 ሰከንድ ገደማ። በእነዚያ ሰከንዶች ተጠቃሚው የሞተ ኖድ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር «ኦፕሽን ሪዲስፓች» (ወደ ሌላው ኖድ የሚያዞረው ሴቲንግ) ይኑር። የሚጠየቀው ገጽ ቀላል ይሁን። ዳታቤዙን ጭምር የሚፈትሽ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ለአፍታ ሲደክም ሁለቱም ኖዶች «ሞተዋል» ተብለው ይወጣሉ።

ቶምካት ላይ «ሪሞት አይፒ ቫልቭ» ጨምሩ። ያለዚያ ኦዲት ሎጉ ላይ ሁሉም ሰው ከሎድ ባላንሰሩ አይፒ የገባ ሆኖ ይመዘገባል፤ ኦዲተሮች ሲመጡ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ኤችኤፕሮክሲው ራሱ አንድ ብቻ ከሆነም ችግሩን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወሰዳችሁት ማለት ነው። ሁለት አድርጉትና ኪፕአላይቭዲ በሚባለው ፕሮግራም አንድ የጋራ አይፒ ስጧቸው።

ከቶምካት ውጭ ያሉት

በጣም የሚያስፈራኝ በሰዓቱ የሚነሳው ሥራ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደመወዝ ወደ ባንክ የሚልክ ጆብ አለ እንበል። አንድ ሰርቨር ሳለ አንዴ ይነሳል። ሁለት ኖድ ስታደርጉት ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ ደመወዙም ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል። ኳርትዝ የሚባለውን የጃቫ ጆብ ማስነሻ የምትጠቀሙ ከሆነ ጆቦቹን ዳታቤዝ ላይ አስቀምጡና «ኢዝ ክላስተርድ»ን ትሩ፣ «ኢንስታንስ አይዲ»ውን ኦቶ አድርጉ። ቀድሞ ሎኩን የያዘው ኖድ ብቻ ይሠራዋል። የሰዓቱ ነገር እዚህ ጋ ነው፦ የኖዶቹ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተለያየ ኳርትዝ ጤነኛውን ኖድ እንደሞተ ቆጥሮ ሥራውን ለሌላው ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው የዳታቤዝ ኮኔክሽን ነው። የቶምካት ጄዲቢሲ ፑል (የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ክምችት) ጣሪያ በዲፎልቱ 100 ነው። የዳታቤዙ፣ የፖስትግሬስ፣ ጣሪያም በዲፎልቱ 100 ነው፤ ከዚያ ላይ 3ቱ ለሱፐርዩዘር የተያዙ ናቸው። ሁለት ኖድ ሲሆን 200 ጠያቂ ለ97 ቦታ ይሰለፋል። በጸጥታው ቀን አይታይም፤ ወር መጨረሻ ላይ ነው የሚፈነዳው። ለእያንዳንዱ ኖድ 40 ብትሰጡ ለባክአፑና ለሪፖርቱም ቦታ ይተርፋል።

ተጠቃሚ የሚጭናቸው ስካን የተደረጉ ሰነዶች በአንዱ ኖድ ዲስክ ላይ ከቀሩ በሌላው አይገኙም፤ የጋራ ስቶሬጅ ላይ አድርጓቸው። ሜሞሪ ውስጥ የተያዘ የምንዛሪ ተመን ወይም የፈቃድ ዝርዝር ካለም፣ አንዱ ኖድ አዲሱን ሌላው አሮጌውን እንዳያሳይ ዕድሜውን አሳጥሩት።

ግደሉትና እዩ

ሳትፈትኑ ለሥራ አታውሉት። ሎግኢን አድርጋችሁ ፎርም ጀምሩ፣ ኩኪውን እዩ፣ ከዚያ የያዛችሁን ኖድ በ«ኪል 9» ግደሉት። ፎርሙን ቀጥሉ። የኩኪው ጭራ ከአፕ1 ወደ አፕ2 ከተቀየረና የሞላችሁት ሁሉ ካለ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ።

ሦስተኛው ፈተና ብዙ ሰው የማይሞክረው ነው፦ «ኪል ስቶፕ»። ፕሮሰሱ አልሞተም፤ ደንዝዞ ቆሟል። ከርነሉ ግን ፖርቱ ላይ ኮኔክሽን መቀበሉን ይቀጥላል። ፖርት ብቻ የሚያይ ምርመራ «ደህና ነው» ይላል፤ ሰውም ወደ ደነዘዘው ኖድ መላኩ አይቀርም። የኤችቲቲፒው ምርመራ መልስ ስለሚያጣ ያወጣዋል። ሜሞሪ ሞልቶ ጋርቤጅ ኮሌክሽን (የሜሞሪ ጽዳት) ላይ የታነቀ ጃቫም ጠባዩ እንዲሁ ነው።

አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ በኤችኤፕሮክሲ አንዱን ኖድ «ድሬን» አድርጉት። አዲስ ሰው አይገባበትም፤ የነበሩት ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ሲራቆት ዲፕሎይ አድርጉ። ሲነሳ ከጓደኛው ሴሽኖቹን ይቀበላል። እዚያው ሎጉን ተከታተሉ፤ «ኢንቫሊድ ክላስ ኤክሴፕሽን» ከወጣ ሴሽን ውስጥ ያለ አንድ ክላስ ቅርጹ ተለውጧል ማለት ነው፤ አሮጌው ሴሽን በአዲሱ ኮድ አይነበብም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቨርዥን ሁለቱን ኖዶች ተራ በተራ መቀየር አይሆንም። ቅዳሜ ማታ ያዙት፣ ለሠራተኛው ቀድማችሁ አሳውቁ፣ ሁለቱንም አቁማችሁ በአንድ ጊዜ አንሷቸው።