የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን ታሪክ ሰው ሳይሰለች እንዴት ይተረካል?

ሐዋሳ ውስጥ ለትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ስለ ንግሥት ሜሪ ገለጻ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እባካችሁ ከአንገቷ መቆረጥ አትጀምሩ። ሁሉም ከዚያ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማ የለም።

ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንዴ ተናግራችሁ እለፉ። ቀጥላችሁ አድማጩ ከሚያውቀው ጋር አያይዙለት። ሜሪ የተወለደችው ዲሴምበር 1542 ነው፤ አፄ ገላውዴዎስና ኢማም አሕመድ ወይና ደጋ ላይ ሲዋጉ ገና ሦስት ወር አልሞላትም። ይሄን ስትሉ ክፍሉ ቀና ይላል።

ልጅነቷ ላይ አትቆዩ። በተወለደች በ6ኛው ቀን አባቷ ጄምስ አምስተኛ ሞተና ነገሠች። የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛ ለልጁ ሊያጫት ፈለገ፣ ስኮቶች ተስማምተው መልሰው ውሉን አፈረሱ፣ ጦርነት መጣ፣ እሷም በ5 ዓመቷ ፈረንሳይ ተላከች፤ እዚያው አድጋ አልጋ ወራሹን አገባች፣ እሱ ግን ነግሦ ብዙም ሳይቆይ በ1560 ሞተ።

ጊዜያችሁን የምታጠፉት ከ1561 እስከ 1567 ባለው ላይ ነው። ራሷ አገር የገዛችው ያኔ ብቻ ነው። በ18 ዓመቷ ስትመለስ እሷ ካቶሊክ፣ አገሩ ደግሞ ፕሮቴስታንት ሆኖ ጠበቃት። ሕዝቡን በግድ ልመልስ አላለችም፤ እሷ በቤተ መንግሥቷ ታስቀድሳለች፣ አገሩም በያዘው ይቀጥላል። ለእኔ ከሠራችው ሁሉ ብልህነት ያለው ይሄ ነው። ሰባኪው ጆን ኖክስ ግን ይህንንም አልወደደላትም።

በ1565 የአክስቷን ልጅ ዳርንሊን አገባች። (እዚህ ላይ ክፍሉ መጮኹ አይቀርም፣ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት አገር ነው፤ ታገሡት።) በዓመቱ ዳርንሊና ግብረ አበሮቹ ጸሐፊዋን ሪዚዮን፣ እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከፊቷ ጎትተው ገደሉት። ፌብሩዋሪ 1567 ደግሞ ዳርንሊ ያደረበት ቤት በባሩድ ፈረሰ፣ እሱም ውጭ ሞቶ ተገኘ። ሦስት ወር ቆይታ በግድያው የተጠረጠረውን ቦዝዌልን አገባች!

እዚህ ቆም በሉ። ታውቅ ነበር ወይ? አትፍረዱ፣ የታሪክ ሰዎች አሁንም ይከራከሩበታል፤ ለክፍሉ ጥያቄ አድርጋችሁ ስጡት። መኳንንቱ ግን ጊዜ አላጠፉም፤ አስረው ዙፋኑን ገና አንድ ዓመት ላለፈው ልጇ አስለቀቋት።

ቀሪው ቶሎ ይሂድ። በ1568 አመለጠች፣ በጦርነት ተሸነፈች፣ የእንግሊዟን ንግሥት የኤልሳቤጥን እርዳታ ፍለጋ እንግሊዝ ገባች፣ እዚያው ወደ 19 ዓመት ታሰረች። ሁለቱ ንግሥቶች ሲፋጠጡ ፊልም ላይ ካያችሁ እርሱት፤ በአካል ተያይተው አያውቁም። የቢራ በርሜሉን ግን እንዳትዘሉ፦ በ1586 በምስጢር ፊደል የተጻፉ ደብዳቤዎቿ በቢራ በርሜል ተደብቀው ይወጡ ነበር፣ የኤልሳቤጥ ሰላዮች ደግሞ እያንዳንዱን ያነቡ ነበር። ኤልሳቤጥን ለመግደል በተጠነሰሰው ሴራ ተፈርዶባት ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 ተገደለች።

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በፕሮጀክተር አትመኩ፤ የዘር ሐረጉን ሰሌዳ ላይ ሳሉት። ልምምዱን ሐይቁ ዳር እየሄዳችሁ ጮክ ብላችሁ አድርጉት፤ ከፍቅር ሐይቅ ተነስታችሁ አሞራ ገደል እስክትደርሱ ካላለቀ ረዝሟል፣ ከልጅነቷ ቁረጡ።

ልጇ ጄምስ በ1603 የእንግሊዝንም ዙፋን መውረሱን ራሳችሁ አታንሱት። አንድ ሰው «ልጁስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ ትመልሱታላችሁ።