አዲስ ሙዚቃ ለወዳጅ ሲያካፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ያገኙትን ሙዚቃ ለወዳጅ ማካፈል ከፍቅር የሚመነጭ ነገር ነው፤ ሆኖም የተላከው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይቀራል፣ ቢከፈትም ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ይዘጋል። ይህ የሚሆነው ወዳጃችን ለሙዚቃ ደንታ ስለሌለው ሳይሆን እኛ ያቀረብንበት መንገድ ስላልተመቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ጃዝን፣ ብሉዝንና ክላሲካል ሙዚቃን ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ ሰው ስናካፍል የምንፈጽማቸው ስህተቶች ተመሳሳይ በመሆናቸው አንድ በአንድ ማንሳቱ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ስህተት ብዙ ሙዚቃ በአንድ ጊዜ መላክ ነው። ሲያመሹበት ያገኙትን ሊንክ ሁሉ በቴሌግራም ሲደረድሩለት ተቀባዩ ከየትኛው እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል፤ «ኋላ እሰማዋለሁ» ይልና በዚያው ይረሳዋል። አንድ ሥራ ለአንድ ሰው መርጦ መላክ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምትም ከሁሉም የከፋው፣ ወዳጅ ከሚያውቀው ሙዚቃ ሳይነሱ የዘርፉን ስም ማስቀደም ነው። «ይህ ጃዝ ነው» ወይም «ይህ ብሉዝ ነው» ብለው ከጀመሩ ሰውዬው ከሙዚቃው በፊት ስለ ስሙ የያዘውን አስተያየት ያስታውሳል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከልጅነቱ ጀምሮ በሠርግና በበዓል ሲሰማ የኖረ፣ ጆሮው የተገራ አድማጭ ነው። እነዚህ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው፤ በአምስት ድምፆች የሚጓዝ ዜማ ደግሞ በሱዳን፣ በማሊና በአሜሪካ ብሉዝ ውስጥም ስላለ አድማጩ ከማያውቀው አገር ሙዚቃ ውስጥ የሚያውቀውን ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

ክራር የሚደረድር አንድ የኮምቦልቻ ወዳጅ አለኝ። ማሊያዊው ጊታር ተጫዋች አሊ ፋርካ ቱሬ ከአሜሪካዊው ራይ ኩደር ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ካወጡት «ቶኪንግ ቲምቡክቱ» ከተሰኘው አልበም አንዱን ሥራ ሳሰማው፣ ስለ ብሉዝ ምንም ሳልናገር «እስቲ የዚህን ሰውዬ አደራደር ስማልኝ» ብቻ አልኩት። ሙዚቃው ሳያልቅ ክራሩን አንስቶ ድምፁን በጣቱ መፈለግ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ብሉዝ መሻገር ለእሱ ከባድ አልሆነም። ሽለላና ፉከራ ለሚወዱ አባት ደግሞ መነሻው ሌላ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ባለሙያ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ የፐንክ (ኃይለኛና ፈጣን የሮክ ዘርፍ) ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አውጥተዋል። ቀድሞ ሳክስፎኑን ብቻ፣ ሌላ ቀን ከባንዱ ጋር የተጫወቱትን ቢያሰሟቸው፣ ፐንክ የሚባለውን ነገር በሌላ መንገድ ቢመጣ ፈጽሞ የማይሰሙት አባት ሊሰሙት ይችላሉ። የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝም ለዚሁ ተግባር ልንጠቀምበት እንችላለን፤ ቅኝቶቻችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐዱት እርሳቸው ስለሆኑ፣ ከሥራዎቻቸው ተነስቶ ወደ አሜሪካ ጃዝ መሄድ ከዚያ ተነስቶ ወደ እርሳቸው ከመምጣት ይቀላል።

የድምፅን ጥራት ቸል ማለትም በየዕለቱ የሚታይ ስህተት ነው። ከስፒከር የሚወጣውን ሙዚቃ በድምፅ መልእክት ቀድተው የሚልኩ አሉ፤ ያ አገልግሎት የተሠራው ለንግግር ስለሆነ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይጠፋል፣ ጸናጽሉ ይሻክራል፣ ተቀባዩም ጥፋቱን ከሙዚቃው ይቆጥረዋል። የቪዲዮ ሊንክ መላክ በበኩሉ የወዳጅን ዳታ ይበላል፤ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የተዘጋጀ የድምፅ ፋይል ግን በደቂቃ የሚፈጀው አንድ ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ነው። ባለሙያው ራሱ በነጻ የለቀቀው ካልሆነ ፋይሉን ከማባዛት ይልቅ ፒያሳ ቡና ሲጠጡ የጆሮ ማዳመጫውን ለወዳጅ ማቀበል ይሻላል፤ እዚያው ሆኖ «ቤዙን አድምጥ» ማለትም ይቻላል።

ሠላሳ ሰከንድ ቆርጦ መላክንም አልደግፈውም። ቀስ ብሎ የሚገነባ ሙዚቃ ከመሐሉ ሲቆረጥ ትርጉም ያጣል።

በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ሌላው ጉዳይ መንፈሳዊው ዜማ ነው። በወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቤት ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ መንዙማም የበገና መዝሙርም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ይህ ልንኮራበት የሚገባ ነገር ነው። ስህተቱ መንዙማን ከጭፈራ ዘፈን ጋር በአንድ ዝርዝር ደርድሮ እንደ አንድ የሙዚቃ ዘርፍ ብቻ ማቅረቡ ላይ ነው። መንዙማ የአላህና የነቢዩ ውዳሴ ነው፤ ሐድራ በሚባለው መንፈሳዊ ስብስብ ላይ በድቤ ሲባል የሰሙት ሰዎች በአክብሮት ነው የሚይዙት። በገናም በዐቢይ ጾም ወራት ሲላክ ቦታውን ያገኛል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉትን የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ሲያካፍሉም መነኩሲት እንደነበሩ መጥቀሱ አድማጩ በእርጋታ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ስም ሳይጠቅሱ መላክ በባለሙያዎቹ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» ተብሎ ያለ ስም የሚዞረው ሥራ ሁሉ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ሳክስፎን የነፋ፣ ኪቦርድ የተጫወተና ዜማ የደረሰ ሰውም አለው። የአርቲስቱን ስም፣ ከተቻለም የወጣበትን ዓመትና ዋናውን መሣሪያ የተጫወተውን ሰው በአንድ መስመር ጽፎ ማያያዝ ወዳጅ በራሱ ፍለጋውን እንዲቀጥል ያስችለዋል።

በመጨረሻም ልከው ሳይቆዩ «ወደድከው?» እያሉ መወትወት አይገባም። ይልቁንስ ወዳጅዎ በምላሹ የሚልክልዎትን ሙዚቃ፣ ዘርፉ ባይጥምዎትም እንኳ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳምጡና ከመሐሉ ስለ ሳበዎት አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ቀጥሎ የሚልኩለትን ሥራ ከሚሰጥዎት መልስ ተነስተው መምረጥ ይችላሉ።