የኮራል አኳሪየም ውሃ ሲበላሽ

በቤት ውስጥ አኳሪየም ኮራሎች ሲኮማተሩ ወይም መስታወቱ አልጌ ሲለብስ፣ ማንኛውንም ነገር ከመጨመር በፊት ውሃውን መለካት ይቀድማል። ኮራል መጠነኛ ጉድለትን ለሳምንታት ይችላል፤ ድንገተኛ ለውጥን ግን አይችልም። እኔ ራሴ 200 ሊትር በሚይዘው ገንዳዬ ውስጥ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በጀርመን ዲግሪ የሚለካ) ወደ 6 ዲግሪ ወርዶ ባገኘሁት ጊዜ በአንድ ምሽት ወደ 9 ከፍ አደረግሁት። ብዙም ሳይቆይ የቅርንጫፋሞቹ ኮራሎች ሥጋ ከጫፋቸው ጀምሮ እየተላጠ ነጭ አጽማቸው ታየ።

ጨዋማነቱ ከተዛባ የሌሎቹም ልኬቶች አብረው ስለሚዛቡ ከእርሱ መጀመር ይበጃል። የሚፈለገው በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው ሲሆን፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው። ውሃው ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም፤ ስለዚህ ከ200 ሊትር 10 ሊትር ተንኖ ሳይተካ ከቀረ ጨዋማነቱ ወደ 37 ይጠጋል። የሚተካውም ጨው በሌለው፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ ይዞ ስለሚመጣ፣ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን በጥቂቱም ስለሚገድል፣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አልመክረውም።

አሞኒያ፣ ማለትም ከቆሻሻና ከበሰበሰ ነገር የሚወጣው መርዝ፣ ከተገኘ ግን መዘግየት አይገባም። ከድንጋይ ኋላ የሞተ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ ካለ ፈልጎ ማውጣት፣ ምግብ ማቆም፣ ከዚያም ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር እኩል በሆነ አዲስ ውሃ ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀየር ያስፈልጋል። ፒኤች (የውሃው አሲድነትና አልካላይነት መለኪያ) ከፍ ባለ ቁጥር አሞኒያ መርዛማነቱ ስለሚጨምር፣ በዚያን ቀን ፒኤች የሚያሳድግ ነገር አይጨመርም።

አልጌን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌት የሚበዙት በአብዛኛው ከተትረፈረፈ ምግብ ነው። ምግብ መቀነስ፣ የስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) ጽዋ ማጠብና በየሳምንቱ 20 ሊትር መቀየር ቀስ በቀስ ያወርዳቸዋል። ሁለቱንም ዜሮ ለማድረግ መጣጣር ስሕተት ነው፤ ኮራልም ከእነርሱ ጥቂት ይፈልጋል፤ ፈጽመው ሲጠፉ ደግሞ አረፋ የቋጠረ፣ ቡናማና ዝልግልግ፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት አሸዋውን ሊወርሰው ይችላል።

አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ባለበት ቢረጋ ለብዙ ኮራሎች ይስማማል። ከወረደ ተራ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌሎች ነገሮች ስለተቀላቀሉበት አይሆንም። ለ200 ሊትር 6 ግራም ሶዳ ልኩን በ1 ዲግሪ ያህል ያሳድጋል። እኔ አሁን ግማሹን፣ ማለትም 3 ግራም፣ በአንድ ብርጭቆ የተጣራ ውሃ አሟሙቼ ፓምፑ ውሃውን በኃይል በሚገፋበት ቦታ በቀስታ አንጠባጥባለሁ፤ ቀሪውን ለማግስቱ አቆየዋለሁ። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ቀን ምንም ሳይጨመር፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ። ከ8.5 ወደ 8.1 ከወረደ ኮራሎቹ በቀን 0.2 ዲግሪ ይጠቀማሉ ማለት ነው፤ የየዕለቱ መተኪያም 1.2 ግራም ሶዳ ይሆናል።