ያረጀ ዴስክቶፕ፦ ዕቃ ቀይሮ ማቆየት ወይስ መተካት?

በአዲስ አበባ የሒሳብ ቢሮዎች፣ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫዎችና መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ከሚሠሩት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ውጭ አገር በመሥሪያ ቤት ካገለገሉ በኋላ ወደ እኛ የመጡ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የማደርገው ከእነርሱ አንዱ የሆነውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ ላይ የዋለ፣ አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ዲዲአር 3 የተባለ ራም (ፕሮሰሰሩ የሚሠራበት ጊዜያዊ ማኅደር) የሚጠቀም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጋር ነው። የእርስዎ ሌላ ሞዴል ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ዕቃ የአሁኑ ኮምፒውተር ሥራ ሲያቆም ወደሚቀጥለው ይሻገራል ወይ? የሚሻገር ከሆነ ገንዘቡ አልባከነም፤ የማይሻገር ከሆነ ግን ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙም ፈጥኖ የሚታይ ካልሆነ በቀር ባልገዛው ይሻለኛል።

«ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ» ማለት ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት በየቀኑ የሚሠሩበትን ፕሮግራም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም ይሁን ኤክሴል ወይም ብዙ ገጾች የተከፈቱበት ክሮም፣ እንደወትሮው ይክፈቱና ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፍል ለጥቂት ደቂቃዎች ይከታተሉ። ቀድመው ማየት ያለብዎት ሜሞሪውን (ራሙን) ነው፤ ምክንያቱም ራም ሲያንስ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ስለሚያራግፍ ዲስኩም አብሮ 100 በመቶ ይደርስና ጥፋተኛ ይመስላል። ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ራሙ አንሷል ማለት ነው። ሜሞሪው ሰፊ ሆኖ ሳለ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከዋለ ችግሩ የዲስኩ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ 100 በመቶ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እኔ ይህን ሳልመለከት፣ «ራም ጨምርበት» ያለኝን ሰው ሰምቼ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ገዛሁ። ማሽኑ ግን ሲነሳ እንደ በፊቱ ቡና አፍልቶ የሚያደርስ ነበር፤ ችግሩ የዲስኩ ኖሯልና። ያ ራም ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀጥሎ የገዛሁት ኮምፒውተር የሚቀበለው ዲዲአር 4 ስለሆነ መክተቻው ውስጥ እንኳ አይገባም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም ሳይመረመሩ መታለፍ የለባቸውም። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ሲመለስ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ አልቀበልም ስለሚል ብዙ ሰው «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» እያለ ይንከራተታል። አቧራውን በጥንቃቄ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት ማደስ ደግሞ በሙቀት የተነሳ ፍጥነቱን የቀነሰውን ማሽን ሊመልሰው ይችላል። ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ በሌላ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ክፍል) ይሞክሩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ወይም ፈሳሽ አውጥተው ካገኟቸው ግን በዚያ ማሽን ላይ ሌላ ገንዘብ አያውጡ።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ለውጥ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በተባለው፣ መረጃን በቺፕ ላይ በሚይዘው ማከማቻ መተካት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልጋቸው ግን በየቦታው የተበተኑ ጥቃቅን ፋይሎች በመሆናቸው የማንበቢያው ክንድ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ምልልስ የለበትም፤ ሳታ በተባለው የዲስክ ገመድ የሚገናኘው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ለአራተኛ ትውልድ ማሽን የሚገዙት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ መሆን አለበት፤ ኤንቪኤምኢ የተባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት በእነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ በአብዛኛው ዊንዶውስ ማስነሳት አይችልም። የሳታ ማገናኛ በአዳዲሶቹ ዴስክቶፖችም ላይ ስላለ ይህ ዕቃ ይሻገራል። በስም ታዋቂ፣ በይዘት ግን ሐሰተኛ የሆኑ ኤስኤስዲዎች ስላሉ፣ ሻጩ ፊት ትልልቅ ፋይሎች ገልብጠው መልሰው ይክፈቷቸው፤ የተጻፈበት መጠንና በእርግጥ የሚይዘው መጠን የሚለያየው እዚያ ላይ ነው።

ራም በእርግጥ ካነሰ፣ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ለቢሮ ሥራ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ያገለገለ ዲዲአር 3 ካገኙ ይውሰዱ፤ አዲስ ለመግዛት ግን ብዙ አይድከሙ፤ የማይሻገር ዕቃ ነው። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 በትክክለኛው ክፍተት ቢገጠሙ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ስለሚጠቀም ይሻላል። በመጽሐፍ መጠን የሚሠሩት ትንንሾቹ ዴስክቶፖች የሚወስዱት የላፕቶፕ ራም መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ከዚህ በኋላ ግድግዳ አለ። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ የተወሰነ ትውልድ ብቻ ይቀበላል፤ በኦፕቲፕሌክስ 9020 ላይ አይ 5-4590 ካለ ሊደርሱበት የሚችሉት አይ 7-4790ን የመሰለውን ነው፤ እርሱም የዚያው ዘመን ዕቃ ነው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ትውልድ ደግሞ የሚያሳስት ነገር አለ፤ መቀመጫው ከስምንተኛው ጋር አንድ ዓይነት ቢመስልም ስምንተኛው በእነዚያ ማዘርቦርዶች ላይ አይሠራም። ማዘርቦርዱን ልቀይር ካሉ ራሙም ፕሮሰሰሩም አብሮ ይቀየራል፤ የመሥሪያ ቤት ማሽኖች ሳጥንና ፓወር ሰፕላይም የራሳቸው ልዩ ቅርጽና ማገናኛ ስላላቸው እነርሱም ይቀየራሉ። ይህ ኮምፒውተርን በችርቻሮ መግዛት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉውን ከመግዛት ይወደዳል። ከዚህ የተለየ ሁኔታ የማውቀው የኤኤምዲን ኤኤም 4 መቀመጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጡት ከእነዚያ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው (ማሽኑን የሚያስነሳው ውስጠ ፕሮግራም) ከታደሰ ባለ 5000 ተከታታዩን ራይዘን ይቀበላሉ።

ግራፊክስ ካርድም ቢሆን በቀጭኑ ሳጥን ውስጥ የሚገባው አጭር ቁመት ያለው፣ ከመክተቻው ከሚያገኘው 75 ዋት በላይ የማይፈልግ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ከ300 ዋት በታች ነውና። ስለዚህ ሥራዎ ሬቪት፣ ከባድ የአውቶካድ ሥዕል ወይም የቪዲዮ ቅንብር ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩም 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ መተካት እንጂ ማደስ አይመከርም። የአራተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ዩቲዩብ በብዛት የሚጠቀምበትን ቪፒ 9 የተባለ የቪዲዮ ዓይነት በራሱ ሃርድዌር ሙሉ በሙሉ መፍታት ስለማይችል፣ ጥራት ያለው ቪዲዮ ብቻ እንኳ ሊያስጨንቀው ይችላል።

ሌላው ድንበር የዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ የሚዘልቅ ሆኖ ነው የወጣው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ መመዘኛውን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና የለም። ከዚህ የሚከተለው ለገዢ አስፈላጊ ነው፤ ሻጭ «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» ማለቱ ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 የበቃ መሆኑን አያረጋግጥም። ማሽኑ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው፤ ያለ ክፍያም ይገኛል፤ ፒችትሪ ለሚጠቀም ቢሮ ግን መፍትሔ አይሆንም።

በብር አንድ ቁጥር እዚህ መጻፍ ያልፈለግሁት የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የዕቃ ዋጋ በአንድ ቦታ ስለማይረጋ ነው። የምጠቀምበት ሚዛን በንጽጽር ነው፤ ያገለገለ ስምንተኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ዛሬ ስንት እንደሆነ ሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቁና፣ ለአሮጌው የሚያወጡት የማይሻገር ወጪ የዚያን ሲሶ ካለፈ ይተዉት። የኤስኤስዲውን ዋጋ በዚህ ስሌት ውስጥ አያስገቡት።

መተካቱን ከመረጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤችፒ ኢሊትዴስክ 800 ጂ 4 ከአይ 5-8500 ጋር ለቢሮ ሥራ በቂ ነው። ትውልዱን የሚነግርዎ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ 4590 አራተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 10400 ደግሞ አሥረኛ ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይመኑ፤ ማሽኑን አስነስተው በሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» በሚለው ገጽ የፕሮሰሰሩን ስም በዓይንዎ ያንብቡ፤ ማሽኑ ለዊንዶውስ 11 መብቃቱን የሚመረምረውን የማይክሮሶፍቱን ፒሲ ሄልዝ ቼክም ያስኪዱ።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የመጀመሪያው ሥራ የሒሳብ መዝገቡንና ሰነዶቹን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥና፣ የተገለበጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። አሮጌውን ማሽን ሲሸጡም ኤስኤስዲውን አውጥተው ያስቀሩ። ሃርድ ዲስኩን ግን ፈጣኑን ፎርማት አድርገው ብቻ አይስጡ፤ ያ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ፋይሎቹን አይደለምና፣ የደንበኞችዎ ደረሰኝና የደመወዝ ዝርዝር በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል። «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉውን ፎርማት ያስኬዱ፤ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ማታ ከቢሮ ሲወጡ ቢጀምሩት ይመቻል።